ከድር ስንዱን የሰማ ዕለት

ከድር መሞቱን ስሰማ አንድ አምፕሊፋየር ፈትቼ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ነበር። የደወለችው ልጁ ረሂማ ናት። «ጋሼ፣ አባዬ ሄደ» አለችኝ። ዕቃውን እንደተበተነ ትቼ ሱቄን ቆለፍኩና ወጣሁ። እኔ የከፈትኩትን ዕቃ ሳልገጥም ከወንበሬ የምነሳ ሰው አይደለሁም። አውቶቡስ ተራ አካባቢ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

ከዙሁር ሰላት በኋላ ተቀበረ። ሹፌሮቹ ተራቸውን እየለቀቁ መጥተው ነበር። ለሹፌር ተራ መልቀቅ የዕለት እንጀራን መልቀቅ ነው፤ ትልቅ ክብር ነው። ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። አንዱ፣ «ከድር መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፍኗል» አለ። ሌላው፣ «የለም፣ ዘፋኟ ናት ወርዳ የሳመችው» አለ። ሦስተኛው ጭራሽ፣ «በወጣትነቱ ሊያገባት ነበር» ብሎ አረፈው። ሦስቱም ተሳስተዋል። ዘፋኟ በዘፈነችበት ቀን ከጎኑ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የሆነውን ከእኔና ከልጁ በቀር በትክክል የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። መጻፍ አያቅተኝም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛውን ከጋዜጣ፣ እንግሊዝኛውን ከሬዲዮ ጀርባ፣ ኦሮምኛውን ከደንበኞቼ፣ ኤሌክትሪኩን ደግሞ እየነዘረኝ ተማርኩ። የከተማው ሰው ኢንጂነር ይለኛል፤ እኔም አልከለከልኩም። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል።

ከድር ወሎ ተወልዶ አቦምሳ ያደገ ሰው ነው። አባቱ አቦምሳ ላይ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸውን ከባንኮኒ ጀርባ ሊያስቀምጡት ሞክረው አልሆነም። መኪና ባለፈ ቁጥር ደንበኛውን ትቶ ወደ ውጭ ይሮጥ ነበር አሉ። በመጨረሻ መሪ ጨበጠ፤ ከአቦምሳ ናዝሬት፣ ከናዝሬት አቦምሳ ሲል ዕድሜውን ጨረሰ። ወጣቶቹ አዳማ ይላሉ። እኔም ለደንበኛ አዳማ እላለሁ። ከከድር ጋር ስንጫወት ግን ናዝሬት ነበር የምንለው።

አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ አንገቱ የማይታይ ሰው ነበር። በሙቀቱም በብርዱም አንድ ካኪ ኮት አይለየውም። አውቶቡሷ አሮጌ የጣሊያን ሥሪት ነበረች። ሞተሯ ውስጥ ነው፤ ከሹፌሩ ቀኝ ጎን በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ከሞተሩ በላይ፣ ከሹፌሩ ራስ ከፍ ብሎ፣ ቴፑ ተሰቅሏል። ቴፑን የገጠምኩለት እኔ ነኝ። በዚያ መንገድ ላይ የስንቱ መኪና ቴፕ ብሎኑ እየረገፈ ሲወድቅ፣ እኔ የገጠምኩት አንድ ቀን እንኳ አልተነቃነቀም። ከድር ጠዋት ሥራ ሲጀምር ከመስታወቱ በፊት ቴፑን ነበር በመሐረብ የሚወለውለው።

የሚያጫውተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስንዱ አበጋዝን። ስንዱን የዛሬ ልጆች ላያውቋት ይችላሉ። ያኔ ሶል ይባል የነበረውን ዓይነት ዘፈን በአማርኛ የምትዘፍን ሴት ነበረች። ከኋላዋ ትራምፔትና ሳክስፎን የሚነፉ ሰዎች ይቆማሉ። እሷ ከፊት ሆና አንዲት ቃል ትይዛለች፤ ታጥፋታለች፣ ትዘረጋታለች፣ አልቅሳባት ስታበቃ ትስቅባታለች። እኔ የድምፅ ሰው ነኝ፤ በዕድሜዬ ያልከፈትኩት የስፒከር ዓይነት የለም። የእሷን ድምፅ በደንብ የሚያወጣ ስፒከር ግን ጥቂት ነው። ርካሹ ስፒከር ከፍ የምትለው ላይ ይንጫጫል። እንዲያውም ስፒከር ስጠግን የምሞክረው በስንዱ ካሴት ነበር።

ከሁሉም ዘፈኖቿ ከድር አንዱን ይወድ ነበር። ረጋ ያለ ነው፤ አንዲት ሴት ለሚያልፍ መንገደኛ የምትዘፍነው።

ከመንገድህ ዳር ነኝ፣ ቀስ ብለህ እለፍ፣
ዓይንህን አይቼ ልቤ እንኳን ይረፍ።

ሁለተኛው ላይ «ልቤ» ስትል ድምፅዋ ይወጣና ሰማይ ላይ ይቆማል። ይህ ዘፈን ሲመጣ ከድር ማርሽ ይቀንሳል። ቀልድ አይደለም፤ እኔ ራሴ ተሳፍሬ አይቻለሁ። ሜዳው ላይ ሲበር የነበረ አውቶቡስ በአንድ ጊዜ እንደ ጋሪ ይሆናል። ተሳፋሪው ያውቀዋል። የቸኮለ ሰው ካለ ከኋላ ይጮኻል፦

«ኧረ ሹፌር፣ ካሴቱን ቀይርልን! ገበያው ሊበተንብን ነው!»

ከድር በመስታወቱ ወደ ኋላ ያይና፣ «የቸኮለ ይውረድና ይሩጥ፣ እኛ እንደርስበታለን» ይላል። ከዚያ አብሯት ይዘፍናል። ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንዲሰማ ከሆዱ ነው የሚያወጣው። ፊት የተቀመጡት ሰዎች፣ «ስንዱን ከከድር አንሰማትም» እያሉ ያማርሩ ነበር። መንገዱ ላይ ያለችው ደራ ከተማ ለመድረስ ምን ያህል እንደቀረ ሲጠይቁትም በሰዓት አይመልስም። «ሁለት ዘፈን» ይላል። በእርግጥም ሁለት ዘፈን ነው።

በአውቶቡስ ተራ «ከድር ስንዱ» ነበር የሚባለው። የአባቱን ስም የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ስንዱ ናዝሬት መጥታለች። የዛሬው ትልቅ አዳራሽ ገና አልተሠራም፤ በአንድ ሆቴል ግቢ ነበር የምትዘፍነው። ከድር በዚያ ቀን ተራው ከአቦምሳ መነሳት ነው። በሰዓቱ ቢነሳ ገና ሳይጀመር ይደርስ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? አፉ አላርፍ አለው። ከማለዳ ጀምሮ በአቦምሳ ገበያ እየዞረ፣ «ዛሬ ስንዱን ላያት ነው፣ ዛሬ ስንዱን ላያት ነው» ሲል ዋለ። የአቦምሳ ሰው ደግሞ ዘፈኖቿን በእሱ መኪና የለመደ ነው። እኛስ ምን አጠፋን ብሎ ተነሳ። ወንበሩ ሞላ፤ መተላለፊያው ሞላ፤ የሞተሩ ክዳን ላይ ሳይቀር ተቀመጡበት። መኪናዋ ተንቀሳቅሳ እንኳ ከኋላ እየሮጡ በሩ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር።

ደራ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ የስንዱ እንግዶች ናቸው።»

«ስንዱ ማናት?»

አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀ። ፖሊሱ ፊቱ ቀላ። «ትርፉን አውርድ፤ ካወረድክ በኋላ መሄድ ትችላለህ» አለው። ሕጉም ይኸው ነው፤ ፖሊሱ አልበደለም። ከድር ወደ ኋላው ዞረ። «እሺ፣ ማን ይወርዳል?» አለ። የሚወርድ ጠፋ። አሮጊቷም፣ ነጋዴውም፣ አስተማሪውም መሬት መሬት ያያሉ። አንዱን መርጦ ማስወረድ አቃተው። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ትርፉን ሰው እስኪያነሳ ድረስ ጀምበሯ ጠለቀች። እስከዚያው በሮቹን ከፍቶ ካሴቱን አጫወተላቸው። ሰዉ መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጦ አጨበጨበ። ፖሊሱም መጨረሻ ላይ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ስንዱ ማለት ይቺ ናት?» አለ ይባላል። ናዝሬት ሲደርሱ የሆቴሉ ሠራተኞች ወንበር ይሰበስቡ ነበር።

ማግስቱን ሱቄ መጥቶ ነገረኝ። እኔ ተናደድኩለት። «ትርፉን አውርደህ አትሄድም ነበር?» አልኩት።

«አንተ ብትሆን ማንን ታወርዳለህ?»

«በመጨረሻ የተሳፈሩትን ነዋ!»

«በመጨረሻ የተሳፈሩት» አለ፣ «ከሁሉም በላይ የሮጡት ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ስንዱ ወደ እኛ ከተማ ተመልሳ አልመጣችም። ዘመኑም ተለወጠ፤ እሷም መዝፈን ተወች አሉ። ከድር ግን ካሴቶቹን አልተወም። ቴፕ ሪከርደር ከዓለም ጠፍቶ ሁሉም ሰው በስልክ ሲያዳምጥ፣ እኔ ለእሱ ብዬ የድሮ ቀበቶና ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ እያሰባሰብኩ ቴፑን በሕይወት አቆይቻለሁ። ይህንን የሚያደርግ ሰው በአዳማ ሌላ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ በየሳምንቱ እየመጣ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ይቀመጥ ጀመር። «አካም ጂርታ ኢንጂነር?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይለኛል። ካሴቱን አስገባለታለሁ። ዓይኑን ይጨፍናል። «መንገድ ላይ መጨፈን አልችልም ነበር፤ ዕዳውን እዚህ ልክፈል» ይላል።

አንድ ቀን ከአውቶቡሷ ነቅሎ ያስቀረውን ቴፕ በፌስታል ይዞ መጣ። «የስንዱ ድምፅ ሰልሏል፤ እየው» አለኝ። ከፈትኩት። ሄዱን አጸዳሁ፣ ቀበቶውን አየሁ፣ አጫወትኩት። እንደ አዲስ ነው። ሰጠሁት። በሳምንቱ ተመለሰ። «አሁንም ሰልሏል።» እንደገና ከፈትኩት። አንዳች እንከን የለውም። ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ቀኝ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነበር። የሰለለው የስንዱ ድምፅ አልነበረም።

ቀና ብዬ አየሁት። በርጩማው ላይ ሆኖ ሐኪም ቤት እንደሚጠብቅ ሰው ያየኛል። «ስፒከሩ ነው» አልኩት። «አርጅቷል። ተለቅ ያለ አደርግልሃለሁ።»

ተለቅ ያለ አደረግሁለት። ለተወሰነ ጊዜ ደህና ሆነ። ከዚያ የበለጠ ትልቅ አደረግሁለት። በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ የሠርግ ስፒከር የሚያህል ነገር ቆሞ ጎረቤት አቤቱታ ማቅረብ ጀመረ። ረሂማ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አንደበቷ የማይመለስ ሴት ናት። ሱቄ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ግድግዳችን ሊፈርስ ነው። ምን እያደረጉ ነው?»

«አባትሽን እያከምኩ ነው» አልኳት።

«ሐኪም ጆሮው አልቋል ብሎታል እኮ። ለእርስዎ አልነገረዎትም?»

አልነገረኝም ነበር። እሱ ማሽኑ ደህና መሆኑን ያውቃል፤ እኔ ግን እንደሚያውቅ አላወቅሁም ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ሌላውን እንዳያሳፍር ስፒከር ስንቀያይር ኖረናል። ከዚያ ቀን በኋላ ጆሮውን በግልጽ አወራን። ቀኙ ጨርሶ ሄዷል። በግራው፣ ጠጋ ብለው ከጮኹበትና ከንፈር ካሳዩት፣ ይሰማል። ሙዚቃ ግን እንደ ሩቅ ወፍጮ ሆኖበታል። «እንጃ፣ አንድ ነገር ይፈጫል» ነበር የሚለው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ስንዱ ልትመጣ ነው የተባለው። ፖስተሩ በከተማው ሁሉ ተለጠፈ። ሸምግላለች፤ ዘፈኗን ወጣቶች በስልክ አግኝተው እንደ አዲስ ወደዋታል፤ ለአንድ ቀን በትልቁ አዳራሽ ልትዘፍን ነው። ከድር ፖስተሩ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ እሱ ያውቃል። ሲያየኝ እጄን ያዘ።

«ኢንጂነር፣ ይቺን ሴት አንዴ ሳልሰማት ጆሮዬ ተዘጋ» አለኝ። «ካሴት አይደለም የምልህ። እሷን።»

በሕይወቱ አንድ ነገር ሲለምነኝ ያ የመጀመሪያው ነው። በቃላት እንኳ አልለመነኝም፤ እኔ ግን ገባኝ። ሱቄን ዘግቼ ሥራ ጀመርኩ። ከመዳፍ የማትበልጥ ማጉያ ሠራሁ። ማይክሮፎን አላት፣ ሁለት ማዳመጫ አላት፣ ባትሪዋ ከስልክ የወጣ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣውን አይቻለሁ፤ የእኔ ትበልጣለች። ጆሮው ላይ አድርጌ ካሴቱን ስከፍትለት ከበርጩማው ተነሳ። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተቀመጠም።

ረሂማ ግን አልተደሰተችም። ትኬቱን የገዛችው እሷ ናት፤ ሆኖም ለብቻዬ ጠርታኝ፣ «ጋሼ፣ ሰው መሃል እንዳያፍር ነው የምፈራው» አለች። «ሰው ሲያወራው አይሰማም። ሲናገር ይጮኻል፤ ሲጮኽም አይታወቀውም። ባለፈው መስጊድ ደጃፍ ላይ በሹክሹክታ ያወራ መስሎት ሰፈሩን ሁሉ አማልኝ እኮ!»

«ዕቃዬ አለ» አልኳት። «አትጨነቂ።»

ቀኑ ደረሰ። ከድር ካኪውን አውልቆ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ ሆኖ መጣ። አዳራሹን ያየ ያውቀዋል። ጣሪያውን ቀና ብለው ሲያዩት አንገት ያማል። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ወንበሩ ቀይ ነው። ከድር በር ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ። «ይሄን ሁሉ ሰው ማን ጫነው?» አለ ጮክ ብሎ። ሰው ዞሮ ሳቀ። ረሂማ አንገቷን ደፋች።

እንደተቀመጥን ዕቃዋን ከኪሴ አወጣሁ። ከድር እጄን ያዘኝ።

«አላደርገውም።»

«ምን?» አልኩት በግራ ጆሮው።

«ከስንዱ ፊት ጆሮዬን አስሬ አልቀመጥም። ሕመምተኛ መጣ እንድትል?»

«እሷ አንተን በምን ታይሃለች? ጨለማ ነው እኮ!»

«ታየኝም አታየኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ለመንኩት። ተቆጣሁት። ያቺን የመሰለች ሥራ ኪሴ ውስጥ ልትቀር ነው። እሱ ግን አገጩን አንስቶ ወደ መድረኩ ያያል። ረሂማ፣ «ተዉት ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ። ተውኩት።

ስንዱ ወጣች። ቀጭን አሮጊት ሆናለች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንድ ወጣት ክንዷን ይዞ እስከ ማይክሮፎኑ አደረሳት። አዳራሹ ተነሳ። ከድርም ተነሳ። ባንዱ ጀመረ፤ መለከቶቹ ጮኹ። እውነቱን ልናገር፤ የድምፅ ሰው ነኝ ብያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች በብልሃት ነው የተወጣችው። ከፍ የሚለውን ዝቅ አድርጋ፣ ረጅሙን አሳጥራ፣ ሕዝቡ ሲያግዛት ማይኩን ወደ ሕዝቡ እየዘረጋች። ወጣቶቹ ስልካቸውን አንስተው ይቀርጻሉ። ከድርን በጎን አየው ነበር። የሚሰማው ያ ወፍጮ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ምት ይመታል። አንዳንዴ ትክክል ነው፣ አንዳንዴ ያመልጠዋል።

ከዚያ ያ ዘፈን መጣ። የከበሮውን አጀማመር ወንበሩ ውስጥ ተሰምቶት ይሁን፣ ወይም አቋቋሟን አይቶ፣ እኔ አላውቅም። ብቻ አወቀው። ክንዴን ጨበጠ። «መጣች» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ስንዱ የመጀመሪያውን ስንኝ አለች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለተኛውን ጀመረች። «ዓይንህን አይቼ...» ካለች በኋላ «ልቤ» የሚለው ላይ ስትወጣ ድምፅዋ ተቆረጠ። መሰንጠቅ አይደለም፤ ጭራሽ አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ አልወጣም። ማይኩን ወደ ታች አወረደችው። ባንዱ ምን ያድርግ፣ ያችኑ ዜማ በቀስታ መላልሶ ይመታል። ሕዝቡ ደንግጧል፤ የሚያጨበጭብም የሚያግዝም የለም። አሮጊቷ በዚያ ሁሉ መብራት መሃል ቆማለች።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጎኔ ከድር ዘፈነ።

በቀስታ አይደለም። ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንደሚዘፍነው፣ ከሆዱ። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። «ልቤ» አለና ወጣ፤ ወጣና እዚያ ቆመ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ዞረ። ረሂማ፣ «አባዬ! አባዬ!» ብላ እጅጌውን ልትይዝ እጇን ሰደደች። እጇን መሃል ላይ ያዝኩት። እንዴት እንደፈጠንኩ እኔም አላውቅም። «ተይው» አልኳት።

ስንኙን ጨረሰ። ከመጀመሪያው ደገመው። ስንዱ መብራቱን በእጇ ከልላ ወደ እኛ አቅጣጫ እያየች ታዳምጣለች። ሳክስፎን የሚነፋው ሰው ከሥር ገብቶ አጀበው። በሦስተኛው ዙር እሷ ማይኩን አነሳች፤ በዝቅተኛው፣ በቀረላት ድምፅ ከሥሩ ገባች። ያኔ ሕዝቡ ፈነዳ። አዳራሹ በሙሉ ይዘፍናል። ከድር ጭብጨባው በእግሩ ተሰምቶት ነው መሰለኝ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ስንዱ ማይኩን ይዛ ትዘፍናለች፤ ሰዉ ቆሟል። እሱም ተነስቶ አጨበጨበ።

«እዚያ ጋ የነበሩት አባት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ስንዱ በማይክ። ከድር አልሰማም። ሌላው ሲያጨበጭብ አይቶ እሱም ጨመረ። መድረክ ላይ አልወጣም፤ እሷም አልወረደችም። ድንኳን ውስጥ የተወራው ሁሉ ውሸት ነው።

ባጃጅ ይዘን ስንመለስ ረሂማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ከድር መሃላችን ተቀምጦ ይስቃል።

«ሰማኋት» አለ። «እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ያችን ዘፈን ስትዘፍን ጆሮዬ ተከፈተ። ከፍ የሚለውን ሰምተሃል? አንዲት ፀጉር አልጎደለባትም እኮ!»

ረሂማ አየችኝ። እኔ ለደንበኛ እንኳ የማይሠራ ዕቃ ይሠራል ብዬ አላውቅም።

«አልጎደለባትም» አልኩት በግራ ጆሮው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ከፊታችን የነበረ አንድ ወጣት ቀርጾት ኖሯል። መጀመሪያ መድረኩን፣ ከዚያ ከድርን፣ ከዚያ ደግሞ መድረኩን። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ተላልፎ አውቶቡስ ተራ ደረሰ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ደስ ይለው መስሎት ለከድር ላከለት።

አንድ ረፋድ ላይ ሱቄ ገባ። «አካም ጂርታ» አላለኝም። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«እየው» አለ።

አየሁት። እሱም ከትከሻዬ በላይ ያያል። ድምፁ ለእሱ ምንም አይደለም፤ ከንፈር ማንበብ ግን ከማንም በላይ ያውቃል። ቪዲዮው ስንዱ ላይ ሲደርስ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«አፏ ዝግ ነው» አለ።

«ኢንጂነር፣ ከንፈርህን አሳየኝ። እዚህ ጋ የሚዘፍነው ማን ነው?»

«አንተ ነህ።»

«እሷስ?»

«ድምፅ አጣች። አቆመች።»

ስልኩን አነሳና ለብቻው ደግሞ አየው። ላጽናናው አስቤ ምን እንደምል ስፈልግ ቀድሞኝ ተናገረ።

«አቁማ ምን ታደርግ ነበር?»

«ትሰማህ ነበር።»

«ስንዱ?»

«ስንዱ። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ።»

ደንበኛ መጣ፤ ቆይተህ ና አልኩት። ከድር ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ወደ እኔ ጠጋ አለ። ሊያንሾካሹክ ነው የፈለገው፤ ከሱቁ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው።

«ድምፄስ እንዴት ነበር?»

ስለ ድምፅ ከተጠየቅሁ እኔ ወዳጅ ዘመድ አላውቅም። ቪዲዮውን መልሼ ከፈትኩና ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩና ቃል በቃል ነገርኩት።

«ጥሩ ነው። ምቱን አልሳትክም። ከፍ የሚለው ላይ ግን ትንሽ ተሰንጥቆብሃል።»

ፊቱን አኮሳተረ። «የቱ ጋ?»

«‹ልቤ› የሚለው ላይ።»

«እሷም ያቆመችው እዚያ ላይ ነው?»

«እዚያው ላይ።»

አሰበበት። ከዚያ ተነሳ፤ ኮፍያውን አጠለቀ።

«እንግዲያው ቦታው ነው ከባዱ» አለና ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን ጠይቁት አይባልም፤ ሳይጠየቅ ነው የሚያወራው። አውቶቡስ ተራ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ወጣት ሹፌሮች ከበውት፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይጀምር ነበር፦ «እኔና ስንዱ የዘፈንን ዕለት...»